ፓርኪኑ እስኪመለስ

ጊልያን በሩን ያንኳኳችው ሙሪየል የምሳ ሳህኗን አጥባ ገና ሳታደርቅ ነበር። ጊልያን ከልጅነቷ ጀምሮ በሩን ሁለት ጊዜ መታ አድርጋ፣ «ግቢ» እስክትባል ሳትጠብቅ ሰተት ብላ የምትገባ ናት። የዚያን ቀን ግን አንኳኩታ ውጭ ቆመች። ሙሪየል እጇን በሽርጧ እየጠረገች ስትከፍትላት፣ ልጅቷ ዝናቡ ከኮፍያዋ ላይ እየተንጠባጠበ ቁልቁል መንገዱን ታያለች። ጊልያን አምሳ ዓመት አልፏታል፤ ለሙሪየል ግን አሁንም ልጅቷ ናት።

«ምነው? መግቢያው ጠፋሽ?» አለቻት ሙሪየል።

«አክስቴ ሙሪየል፣ እማማ ፓርኪን አማረኝ አለች።»

ሙሪየል ሳቀች። የጊልያን እናት ዶሪን እህል በአፏ ካልዞረ ቆይቷል። ሾርባውን ታሸተዋለች፣ እንቁላሉን በማንኪያ ትገፋዋለች፣ ሻይዋን እንኳ ግማሹን ትታ ትተኛለች። እንዲህ የሆነ ሰው አማረኝ ካለ ደግ ነገር ነው ብላ ነበር የሳቀችው። የጊልያንን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ከአፏ ላይ ቀረ።

«ግቢ፣ ልጄ። ቁጭ በይ።»

ጊልያን ኮቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ዶክተሯ ዛሬ ጠዋት መጥታ ነበር። ልቧ ደክሟል አለችኝ። ሳምንት መሙላቷን እንጃ አለችኝ።»

የወጥ ቤቱ ሰዓት ይሰማል። ሙሪየል ያልደረቀውን ሳህን አንስታ ማድረቅ ጀመረች፤ ከደረቀ በኋላም ማድረቋን አላቆመችም።

«ዶሪን ታውቃለች?»

«አልነገርናትም። እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? ለገና የምንሰቅለውን ጌጥ አውርጂና አቧራውን አራግፊ ስትለኝ ነው ያደረችው። ብርዱ ሲወጣ እነሳለሁ፣ አትክልቱን እኮተኩታለሁ ትላለች።» ጊልያን እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አደራ፣ አክስቴ። አንቺም እንዳትነግሪያት። ሳታውቅ፣ ሳትፈራ ትሂድልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

«ከኔ አፍ አትሰማም።»

«ፓርኪኑን ግን ዛሬውኑ ጋግሪና ትኩሱን ይዘሽላት ነይ።»

«ትኩሱን?»

«አዎ፣ ከምድጃው እንደወጣ።»

«ልጄ፣ ፓርኪን እኮ ትኩሱን አይበላም። ሳምንት ይፈልጋል።»

«ሳምንት የላትም ነው የምልሽ!» አለች ጊልያን ድምፅዋ ተሰብሮ። ወዲያው ተነሥታ ሙሪየልን አቅፋ ሳመቻት፤ ሌላ ነገር ሳትጨምርም ወጣች።

ጊልያን ፓርኪንን የምታውቀው በወረቀት ተጠቅልሎ ከሱቅ ሲገዛ ነው፤ እናቷና ሙሪየል በየዓመቱ የሚጋግሩት ለሁለታቸው ብቻ ስለነበረ ቀምሳው አታውቅም። እነሱ በሚኖሩበት ሸለቆ የተወለደ የድሮ ሰው ግን የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። ፓርኪን ከአጃ፣ ከዝንጅብልና እንደ ማር ከወፈረ ጥቁር የስኳር ሽሮፕ የሚጋገር ኬክ ነው። ከምድጃ በወጣበት ቀን ጠርዙ እንደ ጫማ ሶል ነው፣ ጥርስ ይፈትናል። በብስኩት ቆርቆሮ ተከድኖ ሳምንት ሲቀመጥ ነው ርጥበቱ ከውስጥ የሚወጣው፤ ጠቁሮና ለስልሶ ጣት ላይ የሚጣበቀው ያን ጊዜ ነው። የሸለቆው ሰው ታዲያ «ለሰለሰ» አይልም። «ተመለሰ» ነው የሚለው። በጥቅምት ማለቂያ፣ የእሳቱ ምሽት ሲቃረብ፣ ሴቶቹ በአጥር ላይ «ያንቺ ተመለሰ ወይ?» «ኧረ የኔስ ገና ነው» ይባባላሉ። በዚያ ምሽት ልጆች እንጨት ከምረው፣ የጨርቅ ሰው ሠርተው ያቃጥላሉ፤ ሁሉም ቤት ፓርኪን ይቆረሳል። ያልተመለሰ ፓርኪን ለእንግዳ የሚያቀርብ የለም። ለምን ተብሎ? ሳምንት መጠበቅ ማን ያቅተዋል?

ሙሪየልን ያስጨነቃት ይሄው ነበር። ዶሪን ያልተመለሰ ፓርኪን ካየች፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ሁሉንም ነገር ታውቃለች። ካልወሰደችላት ደግሞ ዶሪን የመጨረሻ አምሮቷን ሳታገኝ ትሄዳለች።

ቢሆንም ምድጃውን ለኮሰች።

ቅቤውንና ሽሮፑን በድስት አድርጋ ቀስ ብላ አቀለጠችው። ጥቁሩ ሽሮፕ ከማንኪያው አልላቀቅ ሲል ማንኪያውን ፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አደረገች። ይህን ያስተማረቻቸው ሚስ ኦልድሮይድ ናት፤ ኮረብታው ላይ በነበረው የጥቁር ድንጋይ ትምህርት ቤት የምግብ ሥራ መምህራቸው። ጦርነቱ ካለቀ ብዙም አልቆየም ነበር። ስኳርም ቅቤም ገና በኩፖን ነው። ስለዚህ ሦስት ሦስት ልጆች እየሆኑ ከየቤታቸው የተገኘውን አምጥተው አንድ መጋገሪያ ይሞሉ ነበር። ሙሪየል አጃ አመጣች። ዶሪን ከአያቷ ጓዳ ዝንጅብል ሰረቀች። ሽሮፑን ያመጣችው ሂልዳ ናት፤ ከየት እንዳመጣችው ብትጠየቅ «ከንጉሡ ጓዳ» ትላለች እንጂ አልተናገረችም።

ሂልዳ ረጅም ነበረች፣ ቀጭን። ሚስ ኦልድሮይድ ጀርባዋን ስታዞር አፍንጫዋን በሁለት ጣት ይዛ ድምፅዋን ታስመስላለች። «ልጃገረዶች! ፓርኪን እንደ ባል ነው! መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከታገሡት ግን ይመለሳል!» መምህርቷ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ባልም አልነበራት። ግን ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ዶሪን ሳቅ ሲይዛት ማቆም አትችልም። አንድ ቀን በዱቄቱ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ሳቋ አምልጧት ዱቄቱ ሁሉ ፊቷ ላይ ቦነነ፤ ሚስ ኦልድሮይድም ከነዱቄቷ እስከ ደወል ድረስ ጥግ ላይ አቆመቻት።

የዚያን ዓመት ፓርኪናቸው በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ መመለሱን እየጠበቀ ሳለ፣ ሂልዳ ሳሏ ባሰ። ነርሷ መጣች፤ ከዚያም ሂልዳ ትምህርት ቤት ቀረች። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ፤ ከተራራው ማዶ ወዳለው የሳንባ በሽተኞች ማረፊያ ሊወስዷት ነው ተባለ። ዶሪን ያን ጊዜ ምን እንዳደረገች ሙሪየል ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችም። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከመምህርቷ ኮት ኪስ ወስዳ፣ ፓርኪኑን በቢላ ታግላ፣ ማዕዘኑን ቆረሰች። ሂልዳ ከሁሉም የምትወደው ማዕዘኑን ነው፤ ሽሮፑ የሚጠራቀመው እዚያ ነው ትላለች። ሁለቱም በሂልዳ ቤት መስኮት በኩል ሊሰጧት ሮጡ።

ሂልዳ መስኮቱን ከፍታ ማዕዘኑን ተቀበለች፤ ጠርዙን በጥርሷ ነከስ አደረገችና ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት።

«ምን ይሄ! ጥርሴን ልታወልቁ ነው? ገና አልተመለሰም እኮ።» ማዕዘኑን በመስኮቱ መለሰችላቸው። «አቆዩልኝ። ሲመለስ እበላዋለሁ።»

መኪናው ወሰዳት። ፓርኪኑ በሳምንቱ ተመለሰ። ሂልዳ አልተመለሰችም፤ በጸደይ ቀበሯት።

ከዚያ ወዲህ ሙሪየልና ዶሪን በየዓመቱ አብረው ይጋግራሉ፣ በእሳቱ ምሽት አብረው ይበላሉ፤ አንዱን ማዕዘን ግን አይነኩትም። በማግሥቱ ወደ ኮረብታው ወጥተው የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ለወፎች ይፈረፍሩታል። ባሎቻቸው «እነዚህ ሴቶች ዛሬም ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ባሎቹ ሞቱ። ትምህርት ቤቱም ተሸጦ መኖሪያ ቤቶች ሆነ፤ አጥሩ ግን አለ። ጉልበታቸው ዳገቱን እንቢ ካለ በኋላ በጊልያን መኪና ነበር የሚሄዱት።

ሙሪየል ይህን እያሰበች ሊጡን አማሰለች፤ መጋገሪያው ላይ ገልብጣ በማንኪያ ጀርባ ደለደለችው። ሲበስል ሽታው ቤቱን ሞላው። አውጥታ ቀዝቀዝ ሲልላት በጣቷ ጫን አደረገችው። ደረቅ ነው። ይሄ አያስገርምም፤ ደረቅ መሆን አለበት። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አድርጋ የማታውቀውን ማድረግ ጀመረች። በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ያዘችው። ፖም ቆርጣ በቆርቆሮው ውስጥ አብራ ከደነችው፤ ፖም ያለሰልሳል ሲሉ ሰምታ ነበር። አመሻሹ ላይ ስትከፍተው ላዩ ረጥቧል፣ ውስጡ ግን ያው ነው።

«ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ጋገርኩት እላታለሁ» አለች ለብቻዋ፣ ለቆርቆሮው። «ሐሙስ።»

ሹራቧን ደርባ፣ ቆርቆሮውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቁልቁለቱን ወረደች። ድንጋዩ በዝናቡ ያንሸራትታል። የልጆች የእንጨት ክምር ከመንገዱ ማዶ ባዶው ቦታ ላይ ቁመት አውጥቷል።

ዶሪን አልጋዋ ወደ ታችኛው ክፍል ከወረደላት ወዲህ መስኮቱ ሥር ነው የምትተኛው። ሦስት ትራስ ተደግፋ ነበር። ፊቷ ከአንገቷ በላይ ብቻውን የቀረ ይመስላል፤ ዓይኗ ግን የዱሮዋ የዶሪን ዓይን ነው።

«መጣሽ? እኔ እኮ ዛሬ የጸሎት ቤት ሴቶች ጠልፈው ያስቀሩሽ መስሎኝ ነበር።»

«እኔን ማን ይጠልፈኛል? ጥርስ የለኝ፣ ጉልበት የለኝ።»

«ምላስ አለሽ እንጂ። እሱን ፈርተው ነው።»

ጊልያን ሻይ ይዛ ገባችና በሩ አጠገብ ቆመች። ከዶሪን ራስ በላይ ሙሪየልን ታያታለች፤ አደራሽን የሚል አስተያየት ነው።

ሙሪየል ቆርቆሮውን ከፈተች። «አማረኝ አልሽ አሉ። ዕድለኛ ነሽ፤ ዘንድሮ ቀደም ብዬ ነበር የጋገርኩት።»

«ቀደም ብለሽ? መቼ?»

«ሐሙስ።»

ዶሪን ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ከዚያ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣች። ያ እጅ አርባ ዓመት በሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ከሽመና የወጣ ጨርቅ ሲዳስስ የኖረ ነው። ዓይን ያላየውን የተበጠሰ ክር በጣት አግኝቶ በመርፌ መጠገን ነበር ሥራዋ። አውራ ጣቷን ፓርኪኑ ላይ አሳረፈችና ጫን አደረገች። ጫን አድርጋም ቆየች።

«ሐሙስ ጋግረሽ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ነው ሹራብሽ ዝንጅብል የሚሸተው?»

ሙሪየል ሹራቧን ጎተት አደረገች።

«ደግሞ ፖም። ፖም ከተሽበት? አንቺ? ሚስ ኦልድሮይድ ብትሰማ ከመቃብር ተነሥታ ጥግ ታቆምሻለች።»

«እማማ፣ አክስቴ የደከመችበትን…» አለች ጊልያን።

«ቆይ፣ ልጄ። ሙሪየል፣ መቼ ጋገርሽው?»

ሙሪየል ዋሽታ ማምለጥ ትችል ነበር ይሆናል። ግን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው ያደጉት፤ ዶሪን እንዲህ እያየቻት ዋሽታት አታውቅም።

«ዛሬ» አለች።

ውጭ ልጆች እንጨት እየጎተቱ ያልፋሉ፤ አንደኛው ሌላኛውን «ያንን በር ማን ውሰድ አለህ፣ ሌባ!» ይለዋል። ዶሪን ወደ መስኮቱ ዞራ ድምፃቸው እስኪርቅ አዳመጠች።

«በይ እንዲያ ነው» አለች። «ሳምንት የለኝም ማለት ነው።»

ጊልያን የሻይ ኩባያውን የምታስቀምጥበት ጠፋት። ሙሪየል ማዕዘኑን ለመቁረስ እጇን ወደ ቢላው ሰደደች። «ትንሽ ብቻ፣ ዶሪን። በሻይ ነክሬ እሰጥሻለሁ። አምሮሽ የለ?»

«መልሺው ወደ ቆርቆሮው።»

«ዶሪን…»

«ሲመለስ እበላዋለሁ።»

ያቺን ቃል ሙሪየል በሌላ መስኮት ሰምታታለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዶሪንም ያለችውን አውቃዋለች፤ እጇን ዘርግታ የሙሪየልን ያዘች። እንደተያያዙ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሙሪየል ኩባያዎቹን ይዛ ስትወጣ ጊልያን ወጥ ቤት ድረስ ተከትላት መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ፣ አክስቴ። አንድ!»

«አፌን አልከፈትኩም፣ ልጄ።»

«ኬክሽ ነገራት! ማን አስቀድሞ በነገረኝ? እኔ ምን አውቅ ነበር?» ጊልያን ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «አሁን ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ስታይ ልታድር ነው።»

ሙሪየል ምን ትበላት? ነግሬሽ ነበር አይባል። የፈላውን ማንቆርቆሪያ አወረደች፤ ከዚያ ቆርቆሮዋን ይዛ ዳገቱን ወጣች። የዚያን ምሽት ራት አልበላችም።

በማግሥቱ ልሂድ አልሂድ ስትል ቆየች። ጊልያን በሯን ትዘጋብኝ ይሆን ብላ ፈራች። ግን ቆርቆሮውን አነሣች። በሩን የከፈተችላት ጊልያን ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«ግቢ፣ አክስቴ» አለቻት። ኮቷን ስትቀበላትም በጆሮዋ፣ «ትናንት አልጋው ላይ አብሬያት ተኛሁ። ስናለቅስ አመሸን። ስለ አባባም አወራችልኝ፣ የማላውቀውን ሁሉ። በቀብሯ የሚዘመረውን መዝሙር እንኳ መርጣለች። ያ የሚጎተተው እንዳይሆን፣ ሰው ይተኛል አለችኝ» አለቻት። ሳቀች፤ ሳቁም መልሶ ልቅሶ ሆነባት። ስለ ትናንቱ ቁጣ ሁለቱም አላነሡም።

ዶሪን ከውስጥ «ሹክሹክታችሁ ይሰማል!» አለች። «ቆርቆሮው መጣ?»

ሙሪየል ክዳኑን ከፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችላት። ዶሪን አውራ ጣቷን አሳረፈች።

«ገና።»

እንዲህ ሆነ ሥራቸው። ሙሪየል በየከሰዓቱ ቆርቆሮዋን አቅፋ ትወርዳለች፣ ዶሪን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ «ገና» ትላለች፤ ከዚያ ወሬ ነው። ሂልዳን ያነሣሉ። ሂልዳ ብትኖር ማንን ታገባ ነበር በሚለው ይከራከራሉ፤ ሙሪየል ያንን ባለ ቀይ ጠጉሩን የዳቦ ቤት ልጅ ትላለች፣ ዶሪን ደግሞ «ሂልዳ? አሥር ጊዜ ታገባና ሁሉንም በሳቅ ትገድላቸው ነበር» ትላለች። ሽሮፑን ከየት እንዳመጣችው ዛሬም አልታወቀም። ጊልያን ልብስ እያጠፈች ታዳምጣለች። አንድ ቀን ዶሪን ስታወራ ትንፋሽ አጠራት፤ ከዚያ በኋላ ሙሪየል ብቻ እያወራች ዶሪን በዓይኗ ትመልስ ጀመር። ከሌላ ቀን በኋላ ደግሞ ዓይኗም አብዛኛውን ጊዜ ክድን ነው። በጣቷ ግን ትጫነዋለች። ድካሙ እየጠና ሲሄድ እጇን አንስታ ቆርቆሮው ውስጥ የምታኖርላት ሙሪየል ሆነች።

ሙሪየል በቤቷ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ክዳኑን ትከፍት እንደነበር ለማንም አልተናገረችም። ፓርኪኑን ቆማ ታየው ነበር፣ በዓይን ይቸኩል ይመስል።

ፓርኪኑ ሳምንት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው ዶሪን ነቅታ ጠበቀቻት። ጊልያን ጠጉሯን አበጥራላታለች። ሙሪየል እጇን አንስታ በፓርኪኑ ላይ አኖረችው። ዶሪን ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨርቅ ስትዳስስ እንደምታደርገው፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ።

«ተመለሰ» አለች።

ሙሪየል ጎንበስ ብላ አየች። የዶሪን ጣት ያረፈበት ቦታ ምንም አልጎደጎደም። ዳሩ ገና እንደ እንጨት ነው። «ዶሪን፣ ትንሽ…» ልትል አፏን ስትከፍት ዶሪን ዓይኗን ገልጣ አየቻት።

«ተመለሰ አልኩሽ፣ ሙሪየል። ቁረሺ።»

ሙሪየል ቢላውን አነሣች። በሁለት እጇ ተደግፋ ስትጫነው ፓርኪኑ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። ሁለቱም ሰሙት።

«ተመልሷል» አለች ሙሪየል። «ዘንድሮ ቶሎ ተመለሰ።»

ከመሐሉ ጥቂት ፍርፋሪ በሻይ ነክራ በማንኪያ ጫፍ ዶሪን ከንፈር ላይ አደረገችላት። ዶሪን አፏ ውስጥ አቆየችው። ጊልያን ከሥሩ የወደቀውን ፍርፋሪ ትለቅማለች።

«ይጣፍጣል ወይ?» አለቻት ሙሪየል።

«ዝንጅብል በዛ» አለች ዶሪን። ሙሪየል ሳቀች፤ እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዶ ነበር። ዶሪን ሁለተኛውን ማንኪያ ተቀበለች። ሦስተኛውን ራሷን ነቅንቃ እንቢ አለች።

«ማዕዘኑስ?» አለች።

«የሂልዳ? አለ። ለወፎቹ…»

«ዘንድሮ ለወፍ አይሆንም። ለኔ ስጪኝ። እኔ አደርስላታለሁ።» ትንሽ አረፈች። «እስክደርስ ይመለስ የለ?»

ሙሪየል ማዕዘኑን ቆረሰች። ዶሪን ስሟን በጥልፍ የጻፈችበት መሐረብ ነበራት፤ በዚያ ጠቅልላ ትራሱ ሥር አኖረችላት።

ዶሪን በማግሥቱ ንጋት ላይ ሞተች። ጊልያን አብራት ተኝታ ነበር፤ መቼ እንደሆነ አላወቀችም፣ ስትነቃ ነው የቀዘቀዘውን እጅ ያገኘችው።

የእሳቱ ምሽት የደረሰው ዶሪን ገና ሳትቀበር ነው። ሙሪየል መብራቷን አብርታ ብቻዋን ተቀመጠች። ከባዶው ቦታ የልጆች ጩኸት ይመጣል፤ ርችቱ በፈነዳ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ አረንጓዴ። በሩ ሁለት ጊዜ ተመታና ጊልያን ሳትጠብቅ ገባች። ኮቷ ጭስ ጭስ ይሸታል።

«እሳቱን ልየው ብዬ ወጥቼ ነበር። አልቻልኩም» አለች። ተቀመጠች። «ሬሳ የሚያሰናዱት ሰዎች ደውለው ነበር። አብሬ የላክሁላት መሐረብ ውስጥ ያለው ምንድነው፣ እናውጣው ወይ አሉኝ። ተዉት አልኳቸው። እንዳትነኩት፣ የሰው አደራ ነው አልኳቸው።»

ሙሪየል ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረደች። ከዶሪን ሞት ወዲህ አልከፈተችውም ነበር። ክዳኑን ስታነሣ ሽታው ወጣ፤ ዝንጅብልና ጥቁር ሽሮፕ። ፓርኪኑ ጠቁሯል፣ ላዩ ያብለጨልጫል። ቢላው ድምፅ ሳያሰማ ገባ።

ጊልያን ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች።

«ለስላሳ ነው።»

«አዎ።»

«ያን ቀን ግን እኔ ከሥሩ የወደቀውን ስለቅም ቀምሼው ነበር። ጥርሴን ነው የሰበረኝ። እኔ ደግሞ ይሄ ነው እንዴ የሚያሞካሹት ብዬ…» ጊልያን ሙሪየልን አየቻት። «መቼ ነው የተመለሰው?»

«ዛሬ ነው፣ ልጄ። ወይ ትናንት።»

«እማማ ግን ተመለሰ ብላ… አላወቀችም?»

«የናትሽ ጣት ተሳስቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን?»

ርችቱ ፈንድቶ አበቃ። በቆርቆሮው ውስጥ ማዕዘኑ የተቆረሰበት ባዶ ቦታ ይታያል።

«እኔ ሁለት ማዕዘን፣ የሂልዳንና የሷን፣ ታቅፌ እንዳልቀር ነዋ» አለች ሙሪየል።

ጊልያን አለቀሰች፤ እያለቀሰችም የጎረሰችውን አኘከች። ሙሪየል ለራሷ ቁራሽ አነሣች። ከመብላቷ በፊት፣ ከልማድ፣ አውራ ጣቷን አሳርፋ ጫን አደረገችው። ጣቷ ገባ፤ ስታነሣው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።